የአባቴ ጺም አበቃቀል

እውነት ነው።

ብታምኑ እመኑ፣ ባታምኑም አልቀየማችሁም። እኔ ራሴ ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ይሄ ሰውዬ ምን ነክቶታል?" ብዬ አልፌው እሄድ ነበር።

ደግሞ ጨለማ፣ ውድቅት ሌሊት፣ የተዘጋ ቤት ምናምን አትጠብቁ። የሆነው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እኛው ሳሎን ውስጥ... ፀሐይ በመስኮት ፍንትው ብላ ገብታ፣ እናቴ ጓዳ ሆና ሳህን እያጠበች።

እስካሁን የሚያስፈራኝም ይሄ ነው። ጨለማ ቢሆን "በደንብ አላየሁም" ብዬ ራሴን አጽናና ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰው አገጭ ሲያለሰልስ ኖሮ፣ ሲያረጅ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሱቁን ዘጋ። እሱን እንኳ ቻለው። ያልቻለው የገዛ ጺሙን መላጨት ማቃቱን ነው። ሌላ ፀጉር አስተካካይ ጋ እንዲሄድ ደግሞ ኩራቱ አይፈቅድለትም።

"አንገቴን ለማንም አልሰጥም" ይላል።

ለእኔ ግን ሰጠኝ።

እኔ ሞባይል እጠግናለሁ። "የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ብሎን የሚፈታ እጅ ምላጭ አያቅተውም" አለኝና ታጣፊዋን ምላጭ ከመሳቢያ አወጣት። እጀታዋ ውስጥ ተኝታ ስታዩዋት ምስኪን ትመስላለች። ስትከፈት ነው ጉዷ።

መጀመሪያ ያለማመደኝ በፊኛ ነው። ፊኛውን ነፍቶ አረፋ ይቀባውና "ላጨው" ይለኛል። ሳይፈነዳ። ቤቱ ሳምንቱን ሙሉ በፊኛ ፍንዳታ ሲናወጥ ሰነበተ። እናቴ ከጓዳ ብቅ እያለች "ዛሬ ደግሞ የማን ልደት ነው?" እያለች ትስቅብናለች።

ምላጩ የሚሳልበት ሰፊ የቆዳ ቀበቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ምላጩ እዚያ ላይ ሲሄድ ጀርባው ይመራል፣ ስለቱ ይከተላል። ጫፍ ሲደርስ በጀርባው ነው የሚገላበጠው። ጀማሪ ግን ቸኩሎ በስለቱ ያገላብጠዋል፣ ቆዳውንም ይሰነጥቀዋል።

እኔም ሰነጠቅኩት።

አባቴ ስንጥቁን በጣቱ ዳበስ አደረገና "በሕይወቴ ይሄን የሚያደርግ አንድ ሰው አየሁ፤ እሱም የአብራኬ ክፋይ ሆኖ አረፈው" አለ። እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከሁሉም የከበደኝ ግን አበቃቀሉን ማወቅ ነው።

"ዓይንህን ጨፍን" ይለኛል። "ጺም እንደ ሣር ነው፤ ወደተኛበት ነው የሚታጨደው። ወዴት እንደተኛ ደግሞ ዓይን አያውቅም፣ ጣት ነው የሚያውቀው። የሁለት ሰው አበቃቀል አንድ ሆኖ አላጋጠመኝም።"

ጨፍኜ ፊቱን ዳበስኩት። ከቀኝ መንጋጋው ሥር ፀጉሩ አዙሪት ሠርቶ ወደ ላይ፣ ወደ ጆሮው ይወጣል። መጀመሪያ ቀን የቆረጥኩት እዚያ ጋ ነው። ትንሽ ቁስል ናት። ግን አረፋው ሲቀላ ሳየው ምላጩን ወለሉ ላይ ጣልኩት።

በራሴም ፊት ተለማመድኩ። የእኔ ቀላል ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ግራ አገጬ ላይ ብቻ ልጅ ሆኜ ካውያ ያቃጠለኝ፣ አውራ ጣት የምታክል ለስላሳ ቦታ አለች። እዚያ ፀጉር በቅሎ አያውቅም።

እንዲህ እያልን ቆየን። አባቴን እየላጨሁ፣ እሱ በመስታወቱ ምላጩን እንደ ድመት እየተከታተለ። አንዴም ዓይኑን ጨፍኖልኝ አያውቅም። "አምንሃለሁ፣ ግን ምላጩን አላምነውም" ይላል።

ከዚያ አክስቴ ታመመችና ሊጠይቃት ሩቅ አገር ሄደ።

ከርሞ ተመለሰ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው በር ላይ አየውና "ጋሼ! ወጣት ሆነው መጡ እኮ! ያሉበትን ቦታ ለእኔም ይጠቁሙኝ እንጂ!" አለው። ሁላችንም ሳቅን። እውነቱን ነው። ጀርባው ቀና ብሏል። ብርጭቆ ሲያነሳ ውሃው ንቅንቅ አይልም።

እናቴ በደስታ አለቀሰች። እኔም ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

በማግስቱ ጠዋት "ና ላጨኝ" አለኝ።

"እጅህ ድኖ የለም እንዴ አባዬ? ራስህን ላጭ እንጂ።"

"አንተ ላጨኝ።"

"ለምን?"

"ለመድኩታ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። አንገቱን ወደ ኋላ ለቀቀው። ከዚያ... ዓይኑን ጨፈነ።

አረፋ ከመቀባቴ በፊት እንዳስተማረኝ ጣቴን ከቀኝ መንጋጋው ሥር አሳለፍኩ።

አዙሪቱ የለም።

ፀጉሩ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። በግራ በኩል ሞከርኩ፤ መስታወት አንዳንዴ ግራና ቀኝ ያምታታብኛል። እዚያም የለም። የቆረጥኩት ቦታ ጠባሳም የለም።

"ምን ጠፋብህ?" አለኝ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ምንም።"

"እንግዲያው ላጭ።"

ላጨሁት። ደግሞ የሚገርማችሁ... እንደዚያ ቀን አሳምሬ ላጭቼ አላውቅም። እጄ ብቻውን ነው የሄደው። እናቴ አይታ "አንተ! አባትህን ልትበልጠው ነው" አለችኝ። ኮራሁ። ጀማሪ ስለሆንኩ አበቃቀሉን ያኔም በትክክል አላወቅኩት ይሆናል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ድሮ አንዴ ከተላጨ ቀናት ይቆይ ነበር። አሁን ግን በማግስቱም "ና ላጨኝ" ሊለኝ ነው።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ የቀበቶው ድምፅ ነው። አባቴ ምላጭ ሲስል ድምፁን አውቀዋለሁ፤ እኩል ነው፣ አይቸኩልም። ይሄኛው ግን ይቸኩላል። ጧ... ጧ ጧ... ጧ...

ከዚያ ቆዳ ሲሰነጠቅ ሰማሁ።

በበሩ ክፍተት አየሁት። ምላጩን ይዞ ቆሟል። እኔ ከሰነጠቅኩት አጠገብ አዲስ ስንጥቅ አለ። በስለቱ ነው ያገላበጠው። ያ ሁሉ ዓመት ምላጭ ይዞ የኖረ ሰው!

ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥም አይጠፋም ስንጥር ይባል የለ? መጠርጠር የጀመርኩት ያኔ ነው።

ዞር አለና አየኝ።

"አዳለጠኝ" አለ። ፈገግ ብሎ ደግሞ "አንተንም እንዲህ አድርጎህ ነበር፣ አይደል?"

እንደገና ተቀመጠ። እንደገና ዓይኑን ጨፈነ። ጣቴን በግራ አገጩ ላይ ሳሳልፍ... አዳለጠኝ።

ትናንት ያላገኘኋት፣ አውራ ጣት የምታክል ቦታ ናት። ለስላሳ። ፀጉር የለባትም። ካውያ የነካው ቆዳ ጣት ሥር ምን እንደሚመስል ማንም አይነግረኝም፤ ዕድሜዬን ሙሉ ስዳብሰው የኖርኩት ነው። ያ አበቃቀል የማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርደው የኔ ነው።

"አባዬ..." አልኩት በሹክሹክታ።

"እ።"

"መጀመሪያ ቀን ስቆርጥህ ምን አልከኝ?"

ፈገግ ሲል ጉንጩ ጣቴ ላይ ተሳበ።

"እኔማ ምንም አላልኩም። አንተ ነህ በልብህ 'ገደልኩት' ያልከው።"

ብዬ ነበር። በልቤ። እናቴን ጨምሮ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

የዚያን ቀን ሥራ ቦታ ሄጄ አንዲት ብሎን መያዝ አቃተኝ። ከመፍቻው ጫፍ እየዘለለች ትወድቅብኛለች። ብሎኗ ምን ታድርግ፣ እጄ ነው የሚንቀጠቀጠው። ስልኳን ልታሠራ የመጣች ሴት፣ በዕድሜ እናቴን የምታክል፣ አዘነችልኝና "ይተዉት ጋሼ፣ ነገ እመለሳለሁ" አለችኝ።

ጋሼ!

መጸዳጃ ቤት ገብቼ መስታወቱ ፊት ቆምኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ፊቴን ዳበስኩት። ግራ አገጬ ላይ ይሻክራል። በቅሏል። ጣቴን ወደ ቀኝ መንጋጋዬ ሥር ወሰድኩት... ፀጉሩ ዞረ፣ ዞረና ወደ ጆሮዬ ወጣ።

ዓይኔን ለመግለጥ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። የበቀለው ነጭ ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ጓዳ ናት። በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።

"እማዬ።"

"ምነው፣ ምን ሆነህ ነው የምታንሾካሹከው?"

"ይሄ ሰውዬ አባዬ አይደለም።"

"ወይ ጉድ! ሰው አባቱ ሲድንለት ደስ ይለዋል እንጂ እንዲህ ይላል?"

"እማዬ፣ በናትሽ። እዪኝ። ፊቴን እዪው።"

አየችኝ። አገጬን ይዛ ወደ ብርሃኑ አዞረችው። ሳቋ ቀስ እያለ ጠፋ... ብዙ አየችኝ። አንድ የረሳችውን ነገር ለማስታወስ የምትሞክር ትመስል ነበር።

"ደክሞህ ነው" አለችኝ በመጨረሻ። "ሂድና ጋደም በል።"

የሸሚዜን ኮሌታ አስተካከለችልኝ። እንደዚያ አድርጋ ኮሌታ የምታስተካክለው ለአባቴ ብቻ ነው።

ሌሊቱን አልተኛሁም። አልዋሻችሁም፣ ፈራሁ። እጄም ይንቀጥቀጥ፣ ፀጉሬም ይንጣ፤ ሰው ያረጃል። የፈራሁት እናቴን ነው። እሷ አንድ ጠዋት ተነስታ ልጇ መሆኔን ካላወቀች ማንን ምስክር እጠራለሁ? ከዚህ ቤት ውጪ ማን አለኝ?

ስለዚህ ወሰንኩ። ጠዋት አንገቱን ሲሰጠኝ እጠይቀዋለሁ።

ሁለት ሰዓት ላይ "ና ላጨኝ" አለ።

አረፋውን ቀባሁት። ምላጩን ከፈትኩና ጉሮሮው ላይ አሳረፍኩት። አልላጨሁም። ዝም ብዬ ያዝኩት።

"አባቴ የት ነው?"

"እዚሁ ነው።"

"አንተ አይደለህም።"

"እኔ ነኝ አልኩህ?" አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ገለጠ። በመስታወቱ ውስጥ ትክ ብሎ የሚያየው ምላጩን አይደለም። እኔን ነው። "እዚሁ ነው አልኩህ እንጂ።"

ጓዳ ውስጥ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ፀሐዩ ወለሉ ላይ ነው። ልጮህ ፈለግኩ። ምላጩ ጉሮሮው ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንዴ ጫን ባደርገው ያበቃል ብዬ አሰብኩ፣ አሰብኩ... ግን ፊቱ የአባቴ ፊት ነው። እንዴት አድርጌ?

እጄን አንጓው ላይ ያዘኝ። እጁ ጠንካራ ነው። ይሞቃል።

"ትቆርጠኛለህ" አለኝ በለሆሳስ። "አምጣ።"

ምላጩ ከእጄ ወጣ።

እንዴት እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ራሴ ተቀምጬ ይሁን እሱ አስቀምጦኝ፣ ብቻ ወንበሩ ላይ ነኝ። ፎጣው አንገቴ ላይ ነው። ብሩሹ ትኩስ አረፋ አገጬ ላይ እያዞረ ነው። ቆዳዬን በአውራ ጣቱ ወጠረው።

ከዚያ ስለቱ ነካኝ።

አያያዙ ገና ነው። ምላጩን ማስተኛት ሲገባው አቁሞታል። አይላጭም፣ ይፍቃል። ፊኛ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ፈንድቷል። ጉንጬ ተቃጠለ፣ ግን ንቅንቅ አላልኩም።

ጓዳ ውስጥ የሳህኑ ድምፅ ቆመ።

እናቴ እጇን በጨርቅ እያደረቀች መጣች። ተመስገን አልኩ። አሁን ታየናለች። አሁን ትጮሃለች፣ ምላጩን ትነጥቀዋለች፣ "ልጄን!" ትላለች።

መናገር አልችልም። ስለቱ ጉሮሮዬ ላይ ነው፤ አፌን ብከፍት ይገባል። በዓይኔ ለመንኳት። እማዬ... እማዬ... እኔ ነኝ...

እኔን አየችኝ። እሱን አየችው።

ከዚያ ጠጋ አለችና በእርጥብ እጇ የእሱን ፀጉር ደባበሰችው።

"ቀስ በል ልጄ" አለችው። "አባትህን እንዳትቆርጠው። ገና ጀማሪ ነህ።"