ዶና ጃንዲራ የጠጣችው ሻይ

ጃንዲራን ሞታ ያገኛት ቫልዲቪኖ ነው። ከምሳ በኋላ ሊቀሰቅሳት ወደ ማረፊያው ክፍል ሲገባ፣ ዝቅ ባለችው ወንበር ላይ ራሷን ወደ ትከሻዋ ዘንበል አድርጋ ተቀምጣለች። «አንቺ ሴት፣ ሙታኑ ወረፋ ይዘው እየጠበቁሽ ነው እኮ!» ብሎ ቀለደ። መልስ ሲያጣ እጇን ያዘ። ቀጥሎ ያሰማው ጩኸት የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ድረስ ተሰማ።

ሐኪሙ ልብ ነው አለ። ስድሳን ያለፈች፣ ስኳር ያለባት፣ ጠዋቱን ሙሉ ተመስጣ ከሙታን ጋር ስታወራ የዋለች ሴት ናት፤ ማን ሌላ ነገር ይጠረጥራል? ነገር ግን ጃንዲራ ዩኒቨርሲቲው ስለ ሙታን አነጋጋሪዎች በሚያካሂደው ጥናት ውስጥ ነበረች፤ የጥናት ተሳታፊ ሲሞት ደግሞ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው የራሱን ሰው መላክ አለበት። ኮሚቴው ውስጥ ሕዝቡን ወክላ የምትቀመጠው ቤኔዲታ ኪሪኖ ነበረች። ጡረታ ከመውጣቷ በፊት የከተማችን ነፍሰ ገዳዮች ስሟን ሲሰሙ ምራቃቸው ይደርቅ ነበር። አሁን ምሁራኑ ሲከራከሩ ሹራቧን እየሠራች ዝም ብላ ትሰማለች፤ ስብሰባው ሊያልቅ ሲል የምታነሳት አንድ ጥያቄ ግን ሁሉንም መልሳ ታስቀምጣቸዋለች።

ጥናቱን የሚመራው ፕሮፌሰር ኦታሲሊዮ ከደጅ ተቀበላት። «ዶና ቤኔዲታ፣ በከንቱ ደከሙ። ሐኪሙ ጨርሷል፤ ልቧ ነው።»

«ልብ ያልቆመበት ሬሳ አይተህ ታውቃለህ ልጄ? ምን አቆመው ነው ጥያቄው።»

ሬሳው ገና አልተነሳም። ቤኔዲታ አማተበችና መነጽሯን አደረገች። ሰማያዊ የሱፍ ሻል ከሟቿ ጉልበት ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። ከወንበሩ አጠገብ ባለችው ጠረጴዛ ላይ የሻይ ስኒ አለ፤ በስኒው ዙሪያ ጉንዳን ይርመሰመሳል።

«አሮጌ ቤት ነው፤ ጉንዳን አይጠፋውም» አለ ኦታሲሊዮ።

«አበባው ላይ ግን የሉም፣ መስኮቱም ላይ የሉም። ሠርግ የተጠሩት ስኒዋ ላይ ነው።»

ጎንበስ ብላ አሸተተች። የጠጅ ሣር ይሸታል፤ ሥሩ ላይ የቀረው ዝቃጭ ወፍራምና የሚያጣብቅ ነው። ወደ ወጥ ቤቱ ሄዳ ማንቆርቆሪያውን ዳሰሰች። ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር።

«ይህችን ስኒ ማንም እንዳይነካት። ወደ ፖሊስ ላቦራቶሪ ትሄዳለች» አለች። «አንተ ደግሞ ጥናቱን እንደ አዲስ ንገረኝ። ሲጸድቅ ሰምቻለሁ፣ ሲሠራ ግን አላየሁም።»

«ቀላል ነው። ሙታን አነጋጋሪዎቹ በዚህኛው ክንፍ፣ ሐዘንተኞቹ በዚያኛው ናቸው፤ በመካከል ያለው በር ይቆለፋል፣ አይገናኙም። አነጋጋሪው የሟቹ ስም ብቻ ይነገረዋል፤ የመጣለትን ሲናገር ድምፁን እንቀዳለን። በሌላ ቀን ሐዘንተኛው ሁለት ቅጂ ይሰማል። አንዱ ስለ ራሱ ሟች የተነገረ ነው፣ ሌላው ስለማያውቀው ሰው። የቱ የሱ እንደሆነ ይመርጣል።»

«አንዱ የሌላ ሰው እንደሆነ አስቀድሞ እንዲነገረው አዝዘን ነበር። ይነገረዋል?»

ኦታሲሊዮ ከረባቱን አስተካከለ። «ይነገራል፤ በመጠኑ።»

«በመጠኑ የሚባለው ለበርበሬ ነው» አለችና ትታው ወጣች።

ቫልዲቪኖ በረንዳው ላይ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። እሱም እንደ ጃንዲራ ሙታን አነጋጋሪ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙታን በሚጠሩበት አንድ ጸሎት ቤት አብረው አገልግለዋል። ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አውጥቶ ምላሱ ላይ አንጠባጠበ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የልብ ጠብታ። ዛሬ ካልወሰድኩት ተከትያት መሄዴ ነው።»

«ቀንተውባት ነበር ይላሉ።»

«ይላሉ? እኔው ልንገርዎ እንጂ! እሷ ስትናገር ሰው ያለቅሳል፤ እኔ ስናገር ሰዓቱን ያያል። እሁድ እሁድ በሬዲዮ ከተማው ሁሉ ድምፅዋን ይሰማል፤ እኔን የሚሰማኝ ውሻዬ ብቻ ነው። ቅናት እንደ ብል በልቶኛል፣ ዶና ቤኔዲታ።» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። «ዛሬ ጠዋት ግን ሰለቸኝ። መንገድ ላይ ያን ሰማያዊ ሻል አየሁና ገዛሁላት። ‹በቃ፣ አንቺ ትበልጫለሽ› አልኳት። ‹ምነው፣ ልትሞት ነው እንዴ?› ብላ ሳቀችብኝ።»

«ሻይስ አፈሉላት?»

«እኔ? እሷ እኮ ያለ ስኳር ነው የምትጠጣው፤ እንደ ጭቃ ውሃ! የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል። አንድ ጊዜ በልደት ቀን ኬክ ስትጎርስ ከእጇ ነጥቄ ጥያለሁ።»

የፕሮፌሰሩ ሚስት ሌኦኖር የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ ሐዘንተኞቹን ተቀብላ የምታጽናና እሷ ነች። እንግዳ ስታነጋግር ፈገግታዋ የተዘጋጀ ነበር፤ ስለ ባሏ ስትጠየቅ ግን ከንፈሯ ቀጠነ።

«ጥናቱ የኔ ሐሳብ ነበር። ጋዜጣው ላይ የወጣው ግን የሱና የጃንዲራ ፎቶ ነው። ‹ፕሮፌሰሩና ተአምረኛዋ› ይላል። እኔ ሐዘንተኞች ሲያለቅሱ ሶፍት የማቀብል ሆኛለሁ።»

«ዛሬ የመጣው ማነው?»

«ዶና ኔሊዳ የምትባል ባልቴት። ባለፈው ሳምንት ሁለቱን ቅጂ ሰምታ ነበር፤ ደግሜ ልስማ ብላ መጣች።»

«እስክትሄድ ድረስ አብረሻት ነበርሽ?»

«አዎ» አለች ሌኦኖር፣ ቀለበቷን በጣቷ ላይ እያዞረች። ቤኔዲታ ቀለበቱን አየች።

የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ሻዩ ውስጥ ሰው የሚገድል ያህል የልብ ጠብታ ተገኘ። ፖሊስ ወዲያው ቫልዲቪኖን ይዞ አሰረው። ጠብታው ኪሱ ውስጥ ነው፣ ቅናቱን በአፉ ተናግሯል፣ ሬሳውን ያገኘ እሱ ነው፤ ሌላ ምን ይፈለጋል? ጎረቤቶቹ «ድሮም ዓይኑ አያምርም ነበር» ማለት ጀመሩ። ቤኔዲታ ግን ሹራቧን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ዶና ኔሊዳ ቤት ሄደች።

የቤቱ መጋረጃ በስታርች የደረቀ ነው። ግድግዳው ላይ የባቡር ነጂ ቆብ ያደረገ ሰው ፎቶ ተሰቅሏል። ገና «እንዴት ነዎት» ሳይባባሉ ኔሊዳ ትኩስ የአይብ ዳቦና ቡና አቀረበች። ቤኔዲታ አንዴ ፉት ስትል ጣፋጩ ጥርሷን ነካው።

«ስኳሩ አነሰ?» አለች ኔሊዳ። «እኔ ቡናም ሆነ ሻይ ከነስኳሩ ነው የማፈላው። እናቴም እንደዚሁ ነበረች፤ እንግዳን መጠየቅ ነውር ነው ትል ነበር።»

«ባልዎ ናቸው?»

«አማንሲዮ ነው። ልቡ ነው የገደለው። ሐሙስ ሐሙስ ባቡሩን ይዞ ማዶ ከተማ ያድር ነበር። የሐሙስ ሌሊት ዕንቅልፍ የሚባል አላውቅም።»

«ሌላ ሴት ነበረቻቸው?»

«አላየኋትም። ያየኋት ብትሆንማ ጸጉሯን ነጭቼ ይወጣልኝ ነበር። የምታቃጥለው የማትታየዋ ናት።»

«ዶና ጃንዲራንስ ያውቋት ነበር?»

«ድምፅዋን በሬዲዮ እንጂ ፊቷን አይቼው አላውቅም። እዚያ ሰማያዊ ሻሏን ደርባ የሙታን እመቤት መስላ ትቀመጣለች፣ ሰው ደግሞ ይሰግድላታል…»

ቤኔዲታ ስኒዋን በቀስታ አስቀመጠች። «ቡናዎ ይጣፍጣል» ብላ ተነሳች።

በማግስቱ ሁሉም በማዳመጫው ክፍል ተሰበሰቡ፤ ፕሮፌሰሩና ሚስቱ፣ ዶና ኔሊዳ፣ እጁ በካቴና የታሰረው ቫልዲቪኖና ያሰረው ኢንስፔክተር። ቤኔዲታ ከመካከላቸው ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ከጉንዳኑ ልጀምር» አለች። «ሻዩ ስኳር በስኳር ነበር። ጃንዲራ ስኳር እንደማትነካ የዚህ ቤት ሰው ሁሉ ያውቃል። ሴኞር ቫልዲቪኖ ሊገድላት ቢፈልግ መራራ ሻይ ውስጥ ይጨምርላት ነበር፤ ማን ነው በገዛ እጁ የሚያስነቃት? ስለዚህ ሻዩን ያመጣው የማያውቃት ሰው ነው።»

«ከውጭ ማን ይገባል?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ማንቆርቆሪያው ደረቅ ነበር። ሻዩ ተፈልቶ በፔርሙዝ ነው የመጣው። ያን ጠዋት ከውጭ የመጣችው አንዲት ሴት ናት። በሁለቱ ክንፎች መካከል ያለው በር እንደተቆለፈ፣ እሷም አጽናኟ እንዳልተለየቻት ተነግሮኛል። ሌኦኖር፣ ልጄ፣ እስቲ እንደገና ንገሪኝ።»

ሌኦኖር ቀይ ሆነች። «ትቻት ሄድኩ። ቢሮው ገብቼ ከኦታሲሊዮ ጋር ተጣላሁ። በአዲሱ ጽሑፍ ላይ ስሜን አውጥቶ የጃንዲራን አስገብቶ ነበር። ቅናት አሳብዶኝ በሩን ሳልቆልፍ ወጣሁ።»

«አንተም ዝም አልክ» አለችው ቤኔዲታ ፕሮፌሰሩን።

«የባልና ሚስት ጉዳይ ነው ብዬ…»

«አሁን የሞት ጉዳይ ሆኗል።» ወደ ባልቴቷ ዞረች። «ዶና ኔሊዳ፣ የጃንዲራን ፊት አይቼ አላውቅም ብለውኛል። ሰማያዊ ሻሏን ግን ነገሩኝ። ያን ሻል ሴኞር ቫልዲቪኖ የገዛላት በሞተችበት ዕለት ጠዋት ነው። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ማንም ደርባው አላያትም።»

ኔሊዳ የቦርሳዋን ማንጠልጠያ በሁለት እጇ ጨበጠች።

«ጠብታው የአማንሲዮ ነው፤ ከሞተ በኋላ ቤት የቀረ» ስትል ቤኔዲታ ቀጠለች። «ምክንያቱ ደግሞ ይኸው።» ለሌኦኖር ምልክት ሰጠቻት። የጃንዲራ ድምፅ፣ ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ያ ሻካራ ድምፅ፣ ክፍሉን ሞላው፦

«…ጣቢያው ላይ ቆማ የምትጠብቀኝን፣ ሰማያዊ የለበሰችውን ንገሯት ይላል። የኖርኩበት ቤት ብርድ ነበር ይላል። ከልብ የወደደችኝ እሷ ብቻ ናት ይላል…»

«አጥፉት!» ጮኸች ኔሊዳ። «ስንት ዓመት እያበድሽ ነው ስባል ኖሬያለሁ! ይኸው በራሱ አፍ! እኔ ነኝ እንግዲህ ብርዱ ቤት! እኔ!»

ቀጥላ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ አለ።

«ድምፅዋን አውቄዋለሁ። የሴትዮዋን ስም ብቻ ነበር የፈለግኩት። ስሟን ብትነግረኝ ሻዩን ይዤ እመለስ ነበር። ‹ልጄ፣ ስመሰጥ ያልኩትን አላስታውስም፤ ደክሞሻል፣ ነይ ተቀመጪ› አለችኝ። ከዚያ ሻሉን አየሁት። ሰማያዊ! ለካ ራሷ ናት አልኩ። በባሌ አፍ ትሳለቅብኛለች አልኩ። ሻይ አምጥቼልሽ ነበር አልኳት። አንዴ ቀመሰችና ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ጠጣችው።»

«ስኳር እንደሚጎዳት ታውቃለች» አለች ቤኔዲታ። «ሐዘንተኛ በእጁ ያመጣውን መመለስ ግን አልሆነላትም።»

ቫልዲቪኖ በታሰረ እጁ ፊቱን ሸፈነ። «እኔ ነኝ የገዛሁት… ሻሉን እኔ ነኝ…»

«የሰጧት ፍቅር ነው፣ ሴኞር ቫልዲቪኖ። ያበላሸው የቅናት ዓይን ነው።» ቤኔዲታ ወደ ኔሊዳ ጠጋ አለች። «አሁን የምነግርዎ ከዚህ ሁሉ የከፋው ነው። ያ ቅጂ ስለ አማንሲዮ አልነበረም።»

«ምን?»

«ለሌላ ሰው የተነገረ ነው። ስሟን አልናገርም፤ ሕጉ ይከለክለኛል። እናት ናት። ልጇ ለትምህርት ሩቅ አገር ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሊጠይቃት ሲመጣ አውቶቡስ ጣቢያ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ እዚያው ትኬት ቆራጭ ስለሆነች የሥራ ልብሷ ሰማያዊ ነው።»

«ሁለቱም የሱ መስሎኝ…» ኔሊዳ ወደ ሌኦኖር ዞረች። «ሁለት ቅጂ አለ፣ የቱ ይመስላል ብቻ ነው ያላችሁኝ!»

ሌኦኖር ባሏን አየችው። ኦታሲሊዮ ወለሉን እያየ «ካወቁ ጥርጣሬ ይገባቸዋል፤ ውጤቱ ይበላሻል ብዬ ነው» አለ።

«ውጤቱማ ይኸው» አለች ቤኔዲታ።

«የኔስ?» አለች ኔሊዳ በሹክሹክታ። «የኔ የቱ ነው?»

«መጀመሪያ የሰሙት።»

«እሱንማ ልብ ብዬ አልሰማሁትም።»

ኢንስፔክተሩ ተነስቶ ነበር፤ ቤኔዲታ በእጇ አስቀመጠችው። ሌኦኖር ማጫወቻውን ነካችው። የጃንዲራ ድምፅ ረጋ ብሎ መጣ፦ «ፉጨት እሰማለሁ… ዳገት እየወጣ የሚያፏጭ ሰው ነው። ትልቅ ነገር አይናገርም። መስኮቱን ዝጊ፣ ብርድ ያስነጥስሻል ይላል። ሌላ የለም። መስኮቱን ዝጊ ነው የሚለው።»

ኔሊዳ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ሁልጊዜ ነበር የሚለኝ» አለች በመጨረሻ። «ሐሙስ ሲወጣ። መስኮት ላይ ቆሜ ከማን ጋር እንደሚሄድ ስሰልል… ዝጊው፣ ያስነጥስሻል ይለኝ ነበር።»

የቫልዲቪኖ ካቴና ተፈታ። ኔሊዳ ስትወሰድ እጇን ሳይጠይቋት ራሷ ዘረጋች።

ኮሚቴው ጥናቱን አገደ፤ ኦታሲሊዮም ወንበሩን ለቀቀ። በጥናቱ ጽሑፍ ላይ ስሟን ሲመልሱላት ሌኦኖር ደስ አላላትም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። ያቺ እናት ቅጂዋን ገና አልሰማችም ነበርና፣ ከፈለገች እኔ ላሰማት አለች። ኮሚቴው ቤኔዲታን አየ፤ ቤኔዲታ ከሹራቧ ቀና ሳትል «ትሂድ» አለች።

ሴትዮዋ ከሥራ በቀጥታ ነበር የመጣችው። ሌኦኖር ከፊቷ ተቀምጣ ነገሩን በግልጽ አስረዳቻት። «ሁለት ነው የምትሰሚው። አንዱ ያንቺ አይደለም። የሰማሽው ቢከብድሽ መሃል ላይ ማቆም ትችያለሽ። ማንም አይቀየምሽም።»

ማቆም አላስፈለጋትም። ሁለተኛው ገና ሲጀምር ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጭና፣ እያለቀሰች ሳቀች። እስኪያልቅ ሰማችው፣ ደግማ ሰማችው። ከዚያ ፊቷን ጠረገችና ተነሳች።

«ይህችን የተናገረችውን ሴት እጇን መሳም እፈልጋለሁ» አለች። «የት ነው የማገኛት?»

ሌኦኖር ተነስታ በሩን ዘጋች፣ ተመልሳም ከጎኗ ተቀመጠች። «ቁጭ በይ፣ እነግርሻለሁ» አለቻት። ሴትዮዋ ራሷ «አሁን ልሂድ» እስክትል ድረስም ከአጠገቧ አልተነሳችም።