ቀንዱን የነፋሁት እኔ ነኝ

በጓምራ ምድር ክረምት የሚገባው በንጉሡ ትንፋሽ ነበር። ንጉሡ በሰገነት ቆመው የዝናቡን ቀንድ ሲነፉ ደመናው ይሰበሰባል። ንጉሥ በሕይወት ሳለ ሌላ ሰው ቀንዱን ቢነፋ ግን ዙፋን እንደ ተመኘ ይቆጠራል፤ ሹም ከሆነ ይሰደዳል፣ የንጉሥ ልጅ ከሆነ ዐይኑ ይጠፋል። ጓምራዎች ከሹም ይልቅ ወራሽ ይፈሩ ነበር፤ ያለ ምክንያትም አልነበረም።

በአንድ ዓመት ጨረቃ ደም መስላ ወጣች። በማግስቱ ጉምዛር የተባለው ዘንዶ ቀንዱን ከግምጃ ቤት ነጥቆ ወደ ጥቁሩ ተራራ ሄደ። ዝናብ ጠፋ፣ ምድርም ተሰነጠቀች። ንጉሥ ሳብላን ታመው ስለ ተኙ አንድያ ልጃቸው ልዕልት ውዳላት ሰይፍ ታጠቀች። «ቀንዱን ሳልይዝ የአባቴን ደጅ ብረግጥ ምድር አትቀበለኝ» ብላ ማለች።

አብረዋት የወጡት ቢትወደድ አርምሃ ነበሩ፤ ከንጉሡ ቀጥሎ አገር የሚፈራቸው፣ እሷን ግን ፈረስ መጋለብ ያስተማሩ ሰው። እሳቸው ጉልበታቸውን እየረገሙ፣ እሷም በእርጅናቸው እየቀለደች የጨውን በረሓ አቋረጡ።

ዘንዶው በዋሻው አፍ ተኝቶ አገኙት። ውዳላት ቀንዱን አንሥታ ልትወጣ ስትል ነቃና አርምሃን ጠመጠማቸው። ሰይፏ ቅርፊቱ ላይ ተሰበረ። የሽማግሌው ትንፋሽ ሲያጥር ባየች ጊዜ ሕጉም ዙፋኑም ከልቧ ጠፋ፤ ቀንዱን ከአፏ አድርሳ ነፋችው። ሰማዩ ተሰነጠቀ፣ መብረቅም ዘንዶውን ሲመታው አርምሃን ለቅቆ ገደል ገባ። ከዚያ ዝናቡ ወረደ።

በደስታ ተቃቅፈው ሳቁ። ቀድመው ዝም ያሉት አርምሃ ናቸው።

«ልዕልቴ፣ ድምፁ ቤተ መንግሥት ደርሷል» አሉ።

እውነቱን እናገራለሁ፣ አባቴ ይምሩኛል አለች። አርምሃ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸው ቢምሩሽ ሹማምንቱ ሕጉን ይዘው ይነሣሉ፣ አንቺ ዐይንሽ ጠፍቶ ከዙፋን ከራቅሽ ደግሞ ለዙፋኑ እርስ በርስ ይተላለቃሉ አሏት።

«እኔ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ፣ ተሹሜያለሁ። ‹አባቴ ይሙት› ብለሽ ዝም እንደምትዪ ማይልኝ።»

እምቢ አለች፤ ለመነቻቸው። በመጨረሻ እያለቀሰች ማለች።

ችሎት በተሰየመ ቀን አርምሃ ድንጋይ ተሸክመው በንጉሡ ፊት ተንበረከኩ።

«ጃንሆይ፣ ቀንዱን የነፋሁት እኔ ነኝ።»

ንጉሡ ዙፋናቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከሕመማቸው ገና አላገገሙም ነበር።

«ከእኔ ምን ጎደለህ?»

«ምንም። ሥልጣን አሳሳተኝ።»

ንጉሡ በገዛ እጃቸው የቢትወደዱን ካባ ገፈፉ፤ ቁልፉ ግን አስቸገራቸው። አርምሃም እንደ ወትሮው ጎንበስ ብለው አመቻቹላቸው። ሹማምንቱ «ጥጋብ ነው የጣለው» ተባባሉ፤ አገሩም ይህንኑ ተቀብሎ ወደ እርሻው ተመለሰ። ሽማግሌው በዝናብ ውስጥ በእግራቸው ወደ በረሓው ሄዱ።

ውዳላት እስኪሰወሩ ድረስ ከመስኮቱ አልራቀችም። ንጉሡ መጥተው አጠገቧ ቆሙና እጇን ያዙ።

«እንደ ወንድሜ ነበር የምወደው» አሉ። «ልጄ፣ አንቺ ስትነግሺ እንደ እኔ አትታለዪ። እምነትሽን በማንም ላይ አትጣዪ።»

የአባቷ እንባ በጢማቸው ላይ ሲወርድ በሁለት ዐይኖቿ አየች።

«እሺ፣ አባቴ» አለች።