ደንቆሮዋ ቤት

«ካፖርቴ ደርሷል?»

«ቁጥር?»

«አርባ አንድ።»

የላውንደሪው ባለቤት ቲኬቱን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ በላስቲክ የተሸፈነ ግራጫ ካፖርት ባንኮኒው ላይ ዘረጋ። ካፖርቱ ከሚገባው በላይ ይከብዳል። ሽጉጡ ቀኝ ኪሱ ገበር ውስጥ ተሰፍቷል፤ እጅ ኪስ ሲገባ ጣት ቀጥታ ቃታው ላይ ያርፋል።

«ጠበቃው ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ካንቺ ጋር ቼዝ ይጫወታል» አላት ቀስ ብሎ። «የሰዎቻችን ዝርዝር እሱ ጋ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ለጌታው ያስረክባል። አሥራ አንድ ነፍስ ነው፣ ልጄ።»

«ወንድሜስ?»

«ሦስተኛው ስም።»

ካፖርቱን ለበሰች።

«ጠበቃው ከእኛ ወገን ነበር እንዴ?»

«በጭራሽ። በዚህ በር ገብቶ አያውቅም። ባዕድ ነው፣ እንዳትሳሺለት።»

«እሺ፣ አጎቴ። እርስዎ አያስቡ።»

የሥጋ አጎቷ አይደለም። እሱን «አጎቴ»፣ እሷን «ጠጠር» ያለው የስለላ መሥሪያ ቤቱ ነው። ነገር ግን አራት ወር ሙሉ በዚህ ሱቅ ጓሮ፣ በእንፋሎትና በሳሙና ሽታ መሀል ሲያበላትና ሲያጠጣት ስለከረመ፣ ስሙ እውነት ሆኖባት ነበር። የዋህነት ነው። ስለላ ውስጥ የዋህነት ደግሞ ዕድሜ ያሳጥራል።

ጌታው የጦር መሣሪያ ነጋዴ ነው። ቤቱ ወፍ የማያስገባ፣ ለቼዝ ተጫዋች ግን ወለል ብሎ የሚከፈት። ጠጠር ከአራት ወር በፊት ፈረስ እንዴት እንደሚዘል እንኳን አታውቅም ነበር። አጎቴም ቼዝ አይችልም። የሰጣት አንድ ያረጀ የኤሌክትሮኒክ ቼዝ ነው። ስታነሳ ቤቱን ጫን፣ ስታሳርፍ ጫን፤ ማሽኑ ጢጥ ይልና በቀይ መብራት የራሱን እርምጃ ያሳያል።

በደረጃ አንድ ብቻ ሃያ ሰባት ጊዜ ተሸነፈች። ማሽን አይቆጣም፣ አያሞግስም፣ አይደክመውም። በተሸነፈች ቁጥር እርምጃዎቹን ወደ ኋላ እየመለሰች፣ የተሳሳተችበት ቦታ ላይ ቆማ፣ ያንኑ አቀማመጥ እስክታሸንፍበት ትደጋግመዋለች። በሦስተኛው ወር ማሽኑ ያሰበውን ከመብራቱ በፊት መገመት ጀመረች። በአራተኛው ደረጃ ስምንትን ረታች፤ ብቻዋን በደስታ ጮኸች።

ከሰሌዳው ቤቶች አንዲቷ ብቻ ጉድ ነበረባት። ኤፍ ስድስት። አንዴ ቢጫኗት አትሰማም፣ ሁለቴ ነው። ጠጠር «ደንቆሮዋ» የሚል ስም አወጣችላት። «ለምን አናሠራትም?» ስትል አጎቴ «አርፈሽ ተጫወቺ» ይላታል። ማሽኑን ማንም እንዲከፍተው አይፈልግም። ባትሪውን እንኳን የሚቀይረው ራሱ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። የጌታው የመለዋወጫ መጋዘን፣ ሁለተኛ ፎቅ።

ጌታው ስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን ይልጣል። አንገተ ደንዳናው ጠባቂ በሩ ላይ ቆሟል። ጠበቃው ቀጭን፣ ጨዋ ሰው ነው። ጥቁሮቹን ወሰደ። ጠጠር ካፖርቷን አላወለቀችም።

«በርዶሽ ነው?» አላት ጌታው።

«ጉንፋን ይዞኛል።»

ወታደሯን ገፋች። ጠበቃው ፈረሱን አነሳ። ኤፍ ስድስት ላይ አሳረፈው።

ጢቅ። ጢቅ።

ሁለቴ ጫነው። ተራ የእንጨት ሰሌዳ ላይ።

ድንጋጤዋን በሳል ሸፈነችው። ቀጥሎ ያሉትን እርምጃዎቹን በዓይኗ ተከተለች። ወታደሩን አንዴ። ጳጳሱን አንዴ። ያቺን ቤት ብቻ ነበር ሁለቴ የጫናት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል፤ እጅም እንደዚያው ነው። ይህ ሰው የተማረው በዚያው ማሽን ነው። በላውንደሪው በር ገብቷል፣ ጓሮ ተቀምጧል፣ ምናልባትም እሷ የተቀመጠችባት በርጩማ ላይ።

ታዲያ አጎቴ ለምን «ባዕድ ነው» አላት?

መልሱ እንደ በረዶ ውሃ ጀርባዋ ላይ ወረደ። የጠበቃው ግራ እጅ ከጠረጴዛው ሥር ነው። እሱንም አጎቴ ልኮታል፤ እሷን ሊገድል።

ዘጠኝ ሰዓት ከሃምሳ አምስት።

ጳጳሷን አነሳች። ፈረሱን በላችና ደንቆሮዋ ቤት ላይ ጣቷን ሁለቴ ጫነች። ሆን ብላ። ጥይቱን ጠበቀች።

አልመጣም።

ጠበቃው ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«የእኔም አስተማሪ መስሚያው ጥጥ ነበር» አላት በዝግታ። «ሁለቴ ካልነገሩት አይሰማም።»

ጌታው ሳቀ። «አስተማሪ ሁሉ እንደዚያ ነው!»

ስልኩ ጮኸ። ጌታው በብርቱካን በራሰ እጁ አነሳው።

«ሃሎ... የለም። አልተገዳደሉም። እየተጫወቱ ነው።»

ጠበቃው ጠረጴዛውን ገለበጠው።

ጠባቂው ቀደመ። ሁለት ጥይት የጠበቃው ደረት ውስጥ ገባ። ጠጠር ከኪሷ ሳታወጣ ተኮሰች፤ የጠባቂው አገጭ ተበተነ። በድጋሚ ልትተኩስ ስትል ሽጉጡን የገበሩ ጨርቅ ያዘው። ጌታው ከኋላ መጣባት። የስልኩን ገመድ አንገቷ ላይ ጠምጥሞ ሳበ። ዓይኗ ጨለመ። ወለሉን ስትዳብስ የንጉሡ ጠጠር እጇ ገባ። ባለ መስቀሉን ጫፍ ወደ ኋላ፣ ወደ ዓይኑ ሰነዘረችው። እንደ በሬ አገሣ። ገመዱ ላላ። ሽጉጡን ከነገበሩ ገንጥላ አወጣችና ጨረሰችው።

ከጠበቃው አፍ ደም ይፈልቃል። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አሳረፈች።

«አጎቴ... ከእኛ አይደለችም፣ ዝርዝሩ እሷ ጋ ነው ብሎኝ ነበር» አላት።

«እኔንም እንደዚያው ነው ያለኝ።»

«ዝርዝሩ... እኔ ጋ የለም። ራሱ ጋ ነው። ሊሸጠው ነው።» ደሙን ዋጠ። «ደረጃ ስንት ደረስሽ?»

«ስምንት።»

«እኔ ሰባት ላይ ነበርኩ።»

ስሙን ሳትጠይቀው ሞተ። አለቀሰች። ጊዜ ግን አልነበራትም፤ አጎቴ ስልኩ ሲቋረጥ ሰምቷል።

ሮጠች። ላውንደሪው «ዝግ ነው» የሚል ካርቶን ተንጠልጥሎበታል። በጓሮ በር ገባች። አጎቴ ሻንጣውን ዘግቶ ማሽኑን በፎጣ እየጠቀለለ ነው።

«ልጄ! ተረፍሽ? ጠበቃውን ገደልሽው?»

«ገደልነው። አንተና እኔ።»

አንተ። በአራት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

የጋለውን ካውያ አንስቶ ቀኝ እጇ ላይ አሳረፈው። ሥጋዋ ጮኸ፣ ሽጉጡ ወደቀ። በጉልበቷ ሆዱን መታችው፤ በካውያው ጠርዝ ቅንድቧን ተረተረው። ተያይዘው ወደቁ። ደም ዓይኗን እየጋረዳት በግራ እጇ ሽጉጡን አገኘች።

«ያበላሁሽ ያጠጣሁሽ እኮ እኔ ነኝ!»

ተኮሰች። ጥይቱ ትከሻውን ሳተው። ደገመችው።

ከዚያ ማሽኑን ገለበጠች። የባትሪውን ክዳን በጥፍሯ ፈለቀቀች። ከባትሪዎቹ ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት አለ። አሥራ አንድ ስም። አራት ወር ሙሉ ወንድሟ ላይ ጣቷን ስትጫን ኖራለች። ወረቀቱን በረኪናው በርሜል ውስጥ ነከረችው። ቀለሙ ቀስ በቀስ ሟሸሸ፤ ሦስተኛው ስም ከሁሉም ዘግይቶ ጠፋ። ከመስቀያው የማታውቃትን ሴት ኮት ወስዳ ለበሰችና በፊት ለፊት በር ወጣች።

ለወንድሟ ሞታለች ተብሎ ተነገረው። መሥሪያ ቤቱ የወሰነው ነው፤ እሷም ተስማማች። አንድ ቀን ከአውቶቡስ መስኮት አየችው። ጥቁር ለብሷል። በሕይወት አለ። መስኮቱን ልታንኳኳ የተነሳ እጇን ጭኗ ላይ መለሰችው።

አሁን በሌላ ከተማ አዝራርና ክር ትሸጣለች። ከሥራ ስትወጣ የምትገባበት ሻይ ቤት ጡረተኞች ቼዝ ይጫወታሉ። አንዱ ቦታ ለቆ ጠራት።

«ነይ እስቲ እህቴ፣ ሞክሪን!»

«ኧረ እኔ! ዳማም አልችልም» አለች፤ ጠባሳ ያለበትን እጇን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች።

ሽማግሌው ከጓደኛው ጋር ጀመረ። ጓደኛው ጥቁር ፈረሱን አነሳ። ጠጠር ሻይዋን አስቀምጣ ጠበቀች።

አንዴ ብቻ አሳረፈው። ሻይዋን ሳትጨርስ ወጣች።