የማይንቀጠቀጠው ነጥብ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሲጀመር ተነስቼ የምሄድ ሰው ነኝ። ጅን አለ፣ እሱ ሃይማኖቴ ነው፣ ግን ሥራ ፈትቶ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የኛ ቤት ድረስ ይመጣል የሚለኝን ሰው፣ ወላሂ፣ ፊቱ ላይ ነበር የምስቅበት።

የምማረው ፊዚክስ ነው፣ የመመረቂያ ሥራዬም የሚታጠፍ መስታወት ነበር። ስስ መስታወት ጀርባ ላይ ፒዞ የሚባሉ ሳንቲም የሚያህሉ ዝርግ ነገሮች ይለጠፋሉ፣ በልጆች መጫወቻ ውስጥ ጢጥ ጢጥ የሚሉት እነሱ ናቸው፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጧቸው በዓይን የማይታይ ያህል ታጥፈው መስታወቱንም ያጥፉታል፣ ሲነቀነቁ ደግሞ በተራቸው ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ትልልቆቹ የከዋክብት መመልከቻዎች የተንሻፈፈ ብርሃን የሚያቃኑት በዚህ ነው። እኔ ግን ከዋክብት ጋ ሳልደርስ የአባዬ የስፌት መኪና አስቸገረኝ። አባዬ ልብስ ሰፊ ነበር፣ ከጎኔ ባለው ክፍል ሆኖ ሲረግጥ ወለሉ ይርዳል፣ ከመስታወቱ ነጥሮ ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ቀይ የሌዘር ነጥብም ይጨፍራል። ስለዚህ የጠረጴዛዬ እግሮች ሥር ሌሎች ፒዞዎች አስገባሁ፣ ግማሾቹ ንዝረቱን ይሰማሉ፣ ግማሾቹ በተቃራኒው ይገፉታል፣ ነጥቡም ቀጥ አለ። አባዬ መጥቶ አየውና፣

«እኔ ቀኑን ሙሉ ስረግጥ እንዳልረገጥኩ የሚያደርግ ማሽን ሠራሽ?» ብሎ ሳቀብኝ።

ከዚያ አባዬ ሞተ። ታላቅ ወንድሜ ሙክታር ለቅሶው ሳይወጣ የስፌት መኪናውን ሸጠው፣ ቀጥሎ ቤቱም ይሸጥ አለ፣ እህቶቼ እሺ አሉ። በዚያ ቤት የምኖረው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ አልፈርምም ብዬ ተቀመጥኩ።

አንድ ቀን ወደ ማምሻው፣ ከዐስር ሰላት በኋላ መብራት ሰፈሩን ሙሉ ጠፍቶ፣ የጎረቤት ወፍጮ ጸጥ ብሎ፣ እኔ በባትሪ እየሠራሁ ነው። ነጥቡ ንቅንቅ አይልም። ደስ ብሎኝ ላፕቶፑን ሳይ ግን የጠረጴዛው ፒዞዎች እየገፉ ነው። ምኑን? እመኑኝ፣ ቤቱ ውስጥ ከእኔ ሌላ ትንፋሽ የለም። ላፕቶፑ ላይ ንዝረቱን የሚያሳየው መስመር ረዘም አድርጎ ይሮጣል፣ ያርፋል፣ ደግሞ አጠር አድርጎ ይሮጣል። ሽቦውን ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ፣ ያው ነው። ጆሮዬን ወደ ጠረጴዛው እግር ሳስጠጋ ፒዞዎቹ ቀስ ብለው ጥር ጥር ይላሉ። ሲጨንቀኝ የሚገፉትን አጠፋኋቸው፣ ይኼኔ ነጥቡ ግድግዳው ላይ መርገፍገፍ ጀመረ፣ ይሄድ ይሄድና ጫፍ ላይ ወደኋላ መለስ ብሎ ረገጥ ረገጥ፣ ልክ አባዬ ስፌት ሲጨርስ እንደሚያደርገው። የጎኑን ክፍል ከፍቼ አየሁ፣ ባዶ ነው።

ሙክታር እንደ ልማዱ ሊጨቀጭቀኝ ገባ።

«ዛሬስ ትፈርሚያለሽ ወይስ...»

«ዝም በል፣ እየው!»

ሙክታር ልጅ ሆኖ አባዬ እግር ሥር ስፌት የተማረ ነው። ነጥቡን ብዙ አየው፣ ፊቱ አመድ መሰለ።

«እጅጌ ነው» አለኝ። «እጅጌ እየገጠመ ነው፣ ሃያት። እዚህ ጋ አዞረው... አሁን ይዘጋዋል።»

ነጥቡ ረገጥ ረገጥ አለና ቆመ። ወንድሜ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ፣ በልቤ ግን አልሃምዱሊላህ፣ ቤቱ ተረፈ አልኩ።

ተረፈ! በማግስቱ ገዢውን ይዞ መጣ። ዓይኔን ሳያይ «የሞተ ሞቷል፣ እኛ መኖር አለብን» አለኝ። ባያይ ኖሮ ይቅር እለው ነበር፣ አይቶ፣ አውቆ ነው የሸጠው። ብቻዬን ምን አባቴ ላደርግ፣ ፈረምኩ።

ቤቱ ፈርሶ ፎቅ እየተሠራበት ነው። እኔ ዘነበወርቅ ተከራይቻለሁ፣ ማታ ማታ መስታወቱን እከፍተዋለሁ፣ ፒዞዎቹ የሚያልፍ መኪና እንጂ ሌላ አይሰሙም። ምን እንደነበር ዛሬም አላውቅም፣ እወቂ ብትሉኝም አልችልም። አንዱን እጅጌ ሲገጥም አይተናል፣ ሁለተኛውን ሳይገጥም ነው ቤቱን ያፈረስንበት።