ጎማው ያልነካው ቦታ

መኪናው የጋራዡን በር ሳያልፍ ጩኸቱ ቀድሞት ገባ። ሾፌሩ መሪውን በጠመዘዘ ቁጥር የፊት ጎማው ከብረት ጋር እየተፋተገ ጆሮ የሚበላ ድምፅ ያወጣል። ልጅቷ መዶሻዋን አስቀምጣ ቀና አለች። ከመሬት እንዲህ ከፍ ያለ፣ ከልኩ በላይ የሆነ ጎማ የታሰረለት መኪና አይታ አታውቅም፤ የአባቱን ጫማ አድርጎ የሚሄድ ልጅ ይመስላል።

ጋራዡ የአባቷ ነው። ስማቸውን የሚያውቅም የማያውቅም ካፖ ይላቸዋል። እሷን ደግሞ ሰፈሩ ‹መዶሻ› ብሏታል፤ ጠዋት ጎረቤቱን የሚቀሰቅሰው የሷ መዶሻ ስለሆነ እንጂ ጠባይዋ ከብዶ አይደለም። ጠባይዋም ቢሆን ቀላል ነው አይባልም። እናቷ በልጅነቷ ስለሞተች ያደገችው በመኪኖች መሀል ነው። ሥራዋ ባቲላሜራ ነው፤ የተጋጨና የተጨረማመተ ቆርቆሮ እየቀጠቀጠች ወደ መልኩ ትመልሳለች። ከብረት ጋር ትግባባለች፤ ከሰው ጋር ግን ወሬዋ ቁጥብ ነው።

የካፖ ቀኝ አውራ ጣት ጫፍ የለውም። በወጣትነታቸው የሞተር ቺንጋ፣ የሚሽከረከረው ቀበቶ፣ ወስዶባቸዋል። ፊደል ስላልቆጠሩ የሚፈርሙትም በዚያው በቆራጣ ጣታቸው ነው። «የኔን ፊርማ አስመስሎ መፈረም የሚፈልግ ሌባ መጀመሪያ ጣቱን ይቁረጥ» እያሉ ይቀልዳሉ።

ከመኪናው የወረደው ሾፌር ቀጭን፣ ረጅም፣ በመስኮት በኩል ያለው ክንዱ ብቻ በፀሐይ የጠቆረ ሰው ነበር። ከተራራው ማዶ ያለች የአንዲት ጤና ጣቢያ ሾፌር መሆኑን ነገራቸው። የድሮው መኪና ወንዝ መሀል ውሃ ገብቶበት ስለቀረ፣ አሁን የያዘውን ከፍ አስደርጎ ትልቅ ጎማ አሳስሮለታል። ወንዙን ተሻገረ፤ መታጠፊያ ላይ ግን ጎማው ቤቱ ጠበበው። አንድ ቀን፣ ምጥ የያዛት ሴት ከኋላ ተኝታ ሳለ፣ ጎማውን ከላይ የሚከድነው ፓራፋንጎ ውስጥ ያለው የብረት ስፌት ጎማውን ጎኑ ላይ ተለተለው። እሱ ገደል አፋፍ ላይ ጎማ ሲቀይር ልጁ መኪናው ውስጥ ተወለደ።

ልጅቷ ሳታስበው፣ ልጁን ምን አሉት ብላ ጠየቀች።

«በኔ ስም ሊጠሩት ነበር» አለ ሾፌሩ። «እናቱ ናት ‹እንደሱ የሚዘገይ እንዳይሆንብኝ› ብላ ያስቀረችው።»

ሳቀች። ካፖ ልጃቸው ስትስቅ ከሰሙ ስለቆዩ፣ የያዙትን ቁልፍ አስቀምጠው ሾፌሩን እንደ አዲስ ተመለከቱት።

ሾፌሩ የሚቸኩልበት ምክንያት ነበረው። ክረምቱ ከጀመረ ወንዙ ይሞላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ስልኩም አብሮ ድምፁን ያጠፋል። ማዶ የቀረ ማዶ፣ ወዲህ የቀረ ወዲህ ነው። መኪናው ወዲህ ከቀረ ደግሞ ከማዶ ያለው በሽተኛ ክረምቱን ሙሉ የሚያነሳው የለም።

ካፖ መላ ፈለጉ። ጎማው በትንሽ ይቀየር ቢሉ ወንዙ አለ። መሪው ብዙ እንዳይዞር በሮንዴላ፣ በቀለበት ብረት፣ እንገድበው ቢሉ ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀ፤ ተራራው ላይ አንድ መታጠፊያ አለ፣ መሪው እስከ መጨረሻው ተጠምዝዞ እንኳ በስንት ልመና ነው የሚታለፈው። ትንሽ ከተገደበ ወደ ኋላ መመለስ ሊመጣ ነው፤ ወደ ኋላ ደግሞ ያለው ገደል ነው። ስለዚህ የቀረው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ፓራፋንጎውን ከውስጥ ቆርጦ የብረቱን ስፌት እየቀጠቀጡ ማስተኛት። እሱ ደግሞ የልጅቷ ሥራ ነው።

የሚነካበትን ቦታ ለማወቅ ጎማውን በነጭ ጠመኔ ይቀቡታል። ሾፌሩ የአሸዋ ከረጢት ጭኖ፣ መሪውን ጥርቅም አድርጎ ጠምዝዞ፣ ግቢው ውስጥ ያለው የድንጋይ ጉብታ ላይ ይወጣና ይወርዳል። ጎማው የነካው ብረት ነጭ ይሆናል፤ ነጭ የሆነውን እሷ ትቀጠቅጣለች። አመሻሽ ላይ ይሞክሩታል። ያን ጊዜ ከፓራፋንጎው ሥር ምንም ስለማይታይ፣ ውጤቱን የሚያዩት ጠዋት ፀሐይ ፊት ለፊት ስትመጣ ነበር።

ብረት ሲቀጠቀጥ ከጀርባው ድፍን ብረት ደግፎ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል። ሾፌሩ ልያዝልሽ አላት። ከብረቱ ወዲያ የሱ እጅ፣ ወዲህ የሷ መዶሻ ሆነ። አይተያዩም። እሷ ስትመታ እሱ ይቀበላል፤ እጁን ሲያዞር እሷ በድምፁ ታውቃለች። መጀመሪያ ላይ እጁን እንዳትመታው ፈርታ ቀስ ትል ነበር። ኋላ ግን እጁ የት እንዳለ ሳታይ ማወቅ ጀመረች። አንዳንዴ መዶሻውን ታቆምና ምንም ሳትናገር ትቆያለች፤ እሱም ብረቱን እንደደገፈ ዝም ይላል። ሁለቱም ምን እንደሚጠብቁ ያውቁ ነበር፤ ማን ይጀምር ነው እንጂ።

ካፖ በራፉ ላይ፣ ከአሮጌ መኪና ተነቅሎ በወጣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህን ሁሉ ያያሉ። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ቶሎ ይደክማቸዋል። ሐኪም ቤት ሲሄዱ ለዓይኔ ነው ይሏታል።

የመጀመሪያው ሙከራ ጠዋት ላይ ሲታይ ብረቱ ነጭ ነበር፤ ቀጠቀጠችው። በሁለተኛውም ነጭ ነበር፤ ቆረጠችው፣ ቀጠቀጠችው። በሦስተኛው ጠዋት አሁንም ነጩ እዚያው ነበር። ልጅቷን ገረማት፤ ቢሆንም መታችው። ከዚያ ጤና ጣቢያው ደወለ። ነርሷ ተራራው ላይ ደመና መውረድ እንደጀመረ ተናገረች፤ ሾፌሩ ስልኩን ዘግቶ ወደ ብረቱ ተመለሰ። የዚያን ቀን ልጅቷ ብረቱን ሠርታ ጨረሰች። ባዶው ብረት እንዳይዝግ ወፍራም ጥቁር ቀለም ቀባችው፤ ቶሎ የማይደርቅ ዓይነት ነው። አመሻሽ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ ሞከሩት፤ መኪናው አንድም ድምፅ አላሰማም። ልጅቷ ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። መዶሻዋን ይዛ ገባች።

ጠዋት ከመኪናው ሥር ስትገባ ነጩ ምልክት ቀለሙ ላይ ነበር።

መሪውን አስጠምዝዛ እጇን በጎማውና በብረቱ መሀል ሰደደች፤ አራት ጣቷ ገባ። ጎማው እዚያ አይደርስም፤ አንድ ሰው ነው የቀባው። ወጥታ ቆመች። ሾፌሩም ከመሪው ወርዶ አጠገቧ መጣ።

«ጠመኔውን የቀባኸው አንተ ነህ» አለችው።

«እኔ አይደለሁም።»

«ታዲያ ማን ነው? ማዶ ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ ነው፣ አንተ እዚህ በጠመኔ ትጫወታለህ።»

እውነቱን ለመናገር፣ እሱ ቢሆን ደስ ይላት ነበር። የተናደደችውም ለዚህ ነው።

ሾፌሩ መሬት መሬት እያየ፣ «አንቺ መስለሽኝ ነበር» አለ። «ትናንት ጎማው እንደማይደርስ በእጄ ለክቼ አውቄያለሁ። አንቺ ነሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

«ለምን ዝም አልክ?»

«ደስ ብሎኝ።»

ያ ሁሉ ቀን ሲጠብቁት የነበረው ቃል በቁጣ መሀል ሾልኮ ወጥቷል፤ መመለስ አይቻልም። ልጅቷ ፊቷን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ወደ ፓራፋንጎው ገባች፤ እሱም ተከትሏት ጎንበስ አለ። ምልክቱን አብረው አዩት። እርጥቡ ቀለም ላይ ተጭኖ ታትሟል፤ የአውራ ጣት አሻራ ነው፤ ጫፍ የለውም።

ሁለቱም ወደ በራፉ ዞሩ። ካፖ ነጭ የሆነውን እጃቸውን እንደ ሕፃን ከጀርባቸው ሊደብቁ ሞከሩ፤ ከዚያ ተዉት።

«አባዬ!»

«ምን ላድርግ» አሉ ካፖ። «ሁለት ዲዳዎች ግቢዬ ውስጥ ገብታችሁ። አንዳችሁ እስክትናገሩ መኪናው ይቆይ ብዬ ነው። ትናንት ደመናውን ሰምቼ ልተወው ነበር። ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ አንድ ጠዋት ብቻ ብዬ ተነሣሁ።»

ልጅቷ ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ የአባቷን ፊት ስታይ ግን ቁጣዋ የትም አልደረሰም። ካፖ የሐኪሙን ነገር ያን ጊዜ ነገሯት። ዓይናቸው ደህና ነው፤ የደከመው ልባቸው ነው። ሐኪሙ ብዙ ተስፋ አልሰጣቸውም።

«እኔስ ምንም አይደለሁ፤ ዕድሜዬን በልቻለሁ» አሉ። «አንቺን ከብረት ጋር ብቻሽን ትቼሽ መሄድ ነው ያቃተኝ።»

እግራቸው ሥር ተቀመጠች። እጃቸውን ወስዳ፣ በምትሠራበት ጨርቅ ጠመኔውን ከቆራጣው ጣት ላይ ቀስ ብላ ጠረገችው። ብዙ ጠረገችው፤ ነጩ ከለቀቀ በኋላም አልተወችውም።

ሾፌሩ ኮፍያውን አውልቆ ፊታቸው ቆመ። «ካፖ፣ እንግዲያው አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ሲል ካፖ እጃቸውን አነሡ።

«አሁን አትጠይቀኝ። አንተ ዛሬ ትሄዳለህ፣ እሷ እኔን ትታ አትሄድም፤ ምን ብዬ ልመልስልህ? ሳስብበት ልክረም። ዝናቡ ሲያባራ ይህን መኪናህን ይዘህ ና፤ ያኔ መልሱን ከኔ ትሰማለህ።»

ለጤና ጣቢያው የሚሄደው መድኃኒት ተጭኖ እስኪያልቅ ግማሽ ቀን ሄደ። ልጅቷ ብሩሽ ይዛ የጣቱን አሻራ በቀለም ልታጠፋው ከመኪናው ሥር ስትገባ ሾፌሩ እጇን ያዘው። ያን ሁሉ ቀን በብረት ማዶ ያወቀችው እጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ነካት።

«ተይው» አላት። «ጎማው አይደርስበትም አላልሽም? ስመለስ ካለ፣ ሥራሽ እውነት ነው ማለት ነው።»

«ይኖራል» አለችው።

መኪናው ያለ ምንም ድምፅ ከግቢው ወጣ። ማግስቱን ደርሻለሁ ብሎ ደወለ፤ ከዚያ ዝናቡ መጣና ስልኩ ጠፋ።

ክረምቱ ረጅም ነበር። ካፖ ዝናቡ እስኪበረታ ድረስ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ያዩታል፤ አንዳንዴ ብቻቸውን ፈገግ ይላሉ። መልስህን አሰብክበት ወይ ስትላቸው፣ የሚጠይቀው ሰው ይምጣ እንጂ ይሏታል። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ እሷ የአንድ ታክሲ በር እየቀጠቀጠች ሳለ፣ ድምፁ ጆሯቸውን እንዳይረብሽ ብላ ቆም አለች። ዞራ ስታይ ካፖ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ነበር። እንቅልፍ መስሏት መዶሻውን ቀስ ብላ አስቀመጠች፤ እንዳይቀሰቀሱ ብላ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሰፈሩ በመዶሻ ድምፅ አልነቃም።

ዝናቡ ባባራ ማግስት መኪናው መጣ። እስከ መስኮቱ ጭቃ ለብሷል። ሾፌሩ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከውስጡ ሲወርድ መጀመሪያ ያየው በራፉን ነበር። ወንበሩ እዚያው አለ፤ የካፖ ኮፍያ ብቻውን ተቀምጦበታል። ልጅቷ ከውስጥ ወጥታ ቆመች። ሊጠይቃት አላስፈለገውም፤ ፊቷ ላይ አየው።

«ያን ቀን እምቢ ቢሉኝም መጠየቅ ነበረብኝ» አለ። «አሁን ማንን ልጠይቅ?»

ልጅቷ የውሃውን ቱቦ ስባ አመጣችና ከፊት ፓራፋንጎው ሥር ያለውን ጭቃ ማጠብ ጀመረች። ጭቃው ድርብርብ ነበር፤ ጠጠር፣ ቅጠል፣ የወንዝ አሸዋ እየሆነ ወረደ። ውሃውን ዘጋችና እርጥብ መሬት ላይ ተኝታ ገባች። እሱም ንጹሕ ሸሚዙን ረስቶ አጠገቧ ተኛ።

ቀለሙን ጠጠር እዚህም እዚያም ጭሮታል። መሀል ላይ ግን አሻራው እንዳለ ነበር፤ አጭር፣ ሰፊ፣ ጫፍ የሌለው። ክረምቱን ሙሉ በዚያ ሁሉ መታጠፊያ ጎማው አልነካውም።

ልጅቷ ጣቷን አንሥታ በአባቷ ጣት ቦታ ላይ አኖረችው። እንባዋ በጆሮዋ በኩል ወደ መሬት ወረደ፤ አልጠረገችውም።

«አባዬ በምን እንደሚፈርም ታውቃለህ» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«እንግዲህ እሱ ሳትጠይቀው ፈርሟል። አሁን እኔን ጠይቀኝ።»

ጠየቃት። እዚያው ከመኪናው ሥር፣ ውሃው ፊታቸው ላይ እየተንጠባጠበ፣ በደንብ አድርጎ ጠየቃት።

«ማዶ የሚቀጠቀጥ ቆርቆሮ አለ?» አለችው።

«እኔ እየነዳሁ ቆርቆሮ ይጠፋል?» አለ።

ከክረምቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋም ለቅሶዋም አንድ ላይ መጣ። በማግስቱ ጠዋት ሰፈሩ በመዶሻ ድምፅ ነቃ። ልጅቷ የካፖን ወንበር መኪናው ውስጥ ከኋላ፣ በሽተኛ ከሚተኛበት አጠገብ፣ ወለሉ ላይ እያሰረችው ነበር።