ከሰሌዳው ጀርባ

በኮምፒውተር ማሠልጠኛው የመማሪያ ክፍል ሰሌዳ ላይ በተርታ የተሰኩት አምስት አምፖሎች ትናንት ክፍሉ ሲዘጋ ሁሉም ጠፍተው ነበር። ዛሬ ጠዋት ከተማሪዎቹ ወንበር ሲታዩ ከግራ አንደኛው፣ ሦስተኛውና አራተኛው በርተው ተገኙ። አስተማሪው ከሰሌዳው ጀርባ፣ ከማብሪያዎቹ ሥር፣ ጭንቅላቱን በብረት ተመትቶ ሞቷል።

መርማሪዋ ስትደርስ የሟች ታናሽ ወንድም ንብረት ጠባቂውን አንቆ ከግድግዳው አጣብቆታል። ሁለት ፖሊሶች በመከራ አላቀቋቸው።

«ልቀቁኝ! የወንድሜን ደም ሳልመልስ እንቅልፍ አይወስደኝም! ወንድምጋሼ ነፍሱ ሳትወጣ የገዳዩን ቁጥር በአምፖል ጽፎልናል። አሥራ ሦስት! ደረቱን እዩት!»

እውነትም የጠባቂው መታወቂያ ቁጥሩ አሥራ ሦስት ነው።

«እኔ ይሄን መብራት ማንበብ መቼ ችዬ!» አለ ጠባቂው እያሳለ። «ጋሼ ‹ቁጥርም ፎቶም በዚህ ይጻፋል› ሲሉኝ፣ ‹ለኔ ቁልፍ መቁጠሩ ይበቃኛል› ብያቸው ስቀናል።»

መርማሪዋ ታናሽየውን ኮሪደሩ ላይ ለብቻው አናገረችው።

«እንዴት ነው የሚነበበው?»

«ከግራ ተነስተሽ አሥራ ስድስት፣ ስምንት፣ አራት፣ ሁለት፣ አንድ። የበራው ይደመራል፣ የጠፋው ዜሮ ነው። ኮምፒውተርም የሚያውቀው ይሄንኑ ነው።»

«አንተስ ከጀርባ ሆነህ አብርተህ ታውቃለህ?»

«በጭራሽ! ማብሪያውን ማንንም አያስነካም። እኔ የተማርኩት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ነው።»

እሷ ግን ከሰሌዳው ጀርባ ገብታ ትንሽ ቆየች። ከዚያ ሠራተኞቹን በሙሉ ከታናሽየው ጋር ክፍሉ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ቁጥሩ ሃያ ሁለት የሆነ ማነው?»

«ከሃያ በላይ የለንም» አለች ጸሐፊዋ።

«ሰሌዳው የሚለው ግን ሃያ ሁለት ነው። አሥራ ስድስት፣ አራት፣ ሁለት፤ ደምሩት። አሥራ ሦስት የሚሆነው ከጀርባ ለቆመ ሰው ብቻ ነው፤ እዚያ ግራው ቀኝ ይሆናል። ሟች ሃያ ዓመት ሙሉ ከጀርባ ሆኖ አብርቷል፣ ይህን አይስትም። ቁጥሩን የጻፈው፣ ከፊት ብቻ ተቀምጦ የተማረ ሰው ነው።» ወደ ታናሽየው ዞረች። «እኔ ገና ስገባ አሥራ ሦስት ብለህ ጮህክ፤ ከፊት አንብበኸው ቢሆን ሃያ ሁለት ትል ነበር። አምፖሎቹን ቀና ብለህ እንኳ አላየህም። የጻፍከውን ምን ብለህ ታነበዋለህ?»



«ይሄ ጠባቂ ‹ዕቃ ሰረቀ› ብሎ አሳበቀብኝ» አለ ታናሽየው ጥርሱን ነክሶ። «ወንድሜ ደግሞ እዚሁ፣ በሰው ፊት አባረረኝ። ለአንዱ ብረት፣ ለአንዱ ገመድ አስቤላቸው ነበር።»

ጠባቂው አንገቱን እያሻሸ «የተናገርኩት ያየሁትን ነው» አለ። «ዛሬም ቢጠይቁኝ እደግመዋለሁ።»

የሟች አሻራ በአምስቱም ማብሪያዎች ላይ ተገኘ። የታናሽየው አውራ ጣት በሦስቱ ላይ ብቻ።