የማክሰኞና የቅዳሜ አውቶብስ

ከሸዋ ሮቢት ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወጣ መኪና ኬላው ላይ ሲደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ይወርዳል። ነጋዴው ይወርዳል፤ ተማሪው ቦርሳውን አቅፎ ይወርዳል፤ እንቅልፋሙም ዐይኑን እያሸ ይወርዳል። የማይወርዱት አራሶችና አዛውንት ብቻ ናቸው። ይህ የትም አልተጻፈም። ፈታሹ በበሩ ብቅ ይልና፣ «እናቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ» ብሎ ያልፋል።

ትርንጎ ስድስት ወር ሙሉ፣ በየማክሰኞውና በየቅዳሜው፣ እንደዚህ ተቀምጣ አለፈች። ስድሳ አራት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት አልፎታል። ከቀወት ገበሬዎች ማንጎ እየገዛች ደብረ ሲና አውጥታ ለብርድ አገር ሰው ትሸጣለች። ዘንቢሏን እግሯ ሥር ታስቀምጣለች፤ ነጠላዋን ትከናነባለች፤ ዐይኗን ትጨፍናለች። ያያት ሁሉ የደከማት ይመስለው ነበር። ደክሟትም ነበር።

የዘንቢሉ ላይ ማንጎ ነው። ከሥሩ ያለውን የሚያስገባው ልጇ ደሳለኝ ነው፤ ደብረ ሲና መናኸሪያ ደግሞ አንድ ሰው እየጠበቀ ይወስደዋል።

«የሞተር መለዋወጫ ነው እማዬ» ብሏታል። «ቀረጥ እንዳይከፈልበት ነው እንጂ ሌላ ነገር የለውም።»

መጀመሪያ እምቢ ብላ ነበር። ያን ጊዜ ልጇ አልጮኸም። ጫማውን እያሰረ፣ «እንግዲያው በአፋር በኩል እሄዳለሁ። ጅቡቲ፣ ከዚያ ባሕር» አለ። በዚያ ዓመት ከሰፈራቸው ሁለት ልጆች በዚያው መንገድ ሄደዋል። አንዱ ከሳዑዲ ደወለ። የሌላው እናት እስከ ዛሬ ስልኳን ጡቷ ሥር ይዛ ነው የምትተኛው። ትርንጎ ከወለደቻቸው አራት ልጆች የቀረላት ደሳለኝ ብቻ ነው። ዘንቢሉን አነሣች።

ኬላው ላይ ገመድ የሚይዘው ሰው ሀይሉ ይባላል። ስድሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ረጅም ነው፤ ትከሻው ሰፊ ሆኖ ወደ ፊት ጎብጧል። ኬላው ዳር ካለች ግራር ሥር አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጥና ፍተሻው ሲያልቅ ገመዱን ዝቅ ያደርጋል፤ መኪናው ሲያልፍ መልሶ ይወጥራል። ሥራው ይኸው ነው።

በግንቦት ወበቅ፣ አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ባዶው አውቶብስ ውስጥ ብቻዋን የተቀመጠችውን ሴት አየ። ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ።

«እመቤት፣ እዚህ ውስጥ ተቀቅለው ሊሞቱብን ነው። ወርደው ጥላ ሥር ይቀመጡ እንጂ።»

«ይመችዎት። እዚሁ ደህና ነኝ።»

«ደህና ነኝ ይላሉ፣ ላብዎ እንደ ሮቢ ወንዝ እየወረደ።»

«ሮቢ ደግሞ በዚህ ወር መቼ ውሃ ኖሮት ያውቃል?»

ሀይሉ ሳቀ። ከሳቀ ብዙ ጊዜ ሆኖት ስለነበር ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ከጀሪካኑ በኩባያ ውሃ ቀድቶ በመስኮቱ አቀበላት። ጠጥታ ስትመልስ ኩባያው ውስጥ አንድ ማንጎ አስቀመጠች።

«ኧረ! ገመድ ያዡ ጉቦ በላ ሊሉኝ ነው።»

ትርንጎ አልሳቀችም። ወደ ዘንቢሏ ተመለከተችና ዐይኗን ጨፈነች።

ከዚያ ወዲህ ውሃው ወደ ላይ፣ ማንጎው ወደ ታች መመላለስ ጀመረ። ፍተሻው ከሩብ ሰዓት አያልፍም። በሩብ ሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር ይነገራል፤ በተለይ ቸኩሎ የማያወራ ሰው ሲናገር። አጣዬ መናኸሪያ ሠላሳ ዓመት ጫኝና አውራጅ እንደነበረ፣ ከተማዋ በተቃጠለች ጊዜ ቤቱ አብሮ እንደነደደ፣ ሚስቱም ከቤቱ በኋላ ብዙ እንዳልቆየች ነገራት። ይህን ሲናገር አላለቀሰም። ገመዱን እያፍተለተለ ነበር።

አንድ ቀን እንዲህ አላት፦

«ሽማግሌ ልልክብዎ ነበር።»

«ወደ ማን?»

«ወደ እርስዎ ነዋ። ግን ችግር ገጠመኝ። ብፈልግ ብፈልግ ከእኔ የሚያረጅ ሰው አጣሁ።»

ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ትከሻዋ ግን ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር።

«በዚህ ዕድሜ! ሰው ምን ይለናል?»

«ሰውማ ይስቃል። ይሳቅ። የመጀመሪያዋን ሳገባ አባቷ ሽማግሌዎቼን ከጠዋት እስከ ቀትር ፀሐይ ላይ አቆማቸው። ሽማግሌ ደግሞ ‹ተቀመጡ› ካልተባለ አይቀመጥም። እኔ ከሩቅ፣ ከቁልቋሉ ጀርባ ሆኜ ጉልበታቸውን ነበር የማየው። ሲታጠፍ አየሁ፣ እልል አልኩ።»

«እኔ እንደዚያ አላቆማቸውም» አለች ትርንጎ። ከዚያ ምን እንዳለች ስለገባት ፊቷን ወደ ተራራው አዞረች።

ወርደው ጥላ ሥር ይቀመጡ ማለቱን አልተወም። እሷም አንድም ቀን አልወረደችም። ጉልበቷን የሚያማት ይመስለው ነበር።

በመስከረም፣ አንድ ቅዳሜ፣ የትርንጎ አውቶብስ ልክ ኬላው ላይ ጎማው ፈነዳ። ተሳፋሪው ወደ ሌላ መኪና እንዲዛወር ተባለ። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ነበር። ሀይሉ ገመዱን ግንዱ ላይ ጠቅልሎ እየሮጠ መጣ።

«ይተዉት፣ እኔ አነሣዋለሁ!» አለች።

«ሠላሳ ዓመት የተሸከምኩት ሰውዬ ዘንቢል ያቅተኛል?»

አነሣው። ከወገቡ ላይ ሲያደርሰው ቆመ። ሰው ሳያስተውለው የሚያልፍ አፍታ ነበር፤ ትርንጎ ግን አስተዋለችው። እጁ እንዳወቀ አወቀች። ሀይሉ ዘንቢሉን ወስዶ እንደ ሕፃን ቀስ ብሎ ሁለተኛው መኪና ውስጥ አስቀመጠውና፣ ቀና ሳይል፣ «ማንጎ እንዲህ አይከብድም» አለ።

በማክሰኞው ውሃ አልመጣም። ሀይሉ ጎማው ላይ ተቀምጦ መንገዱን ያይ ነበር። በቅዳሜው ወደ መስኮቱ መጣ፤ ኩባያ አልያዘም።

«ምንድን ነው እሱ?»

«የሞተር መለዋወጫ ነው።»

«አይተሽዋል?»

አንቺ ብሎ ሲጠራት የመጀመሪያው ነበር። አንቺ የሚላት እንዲህ ተቆጥቶ ይሆናል ብላ አላሰበችም።

«አላየሁም።»

«ለምን አላየሽም?»

«ካየሁማ መሸከም አልችልም።»

ሀይሉ ሁለት እጁን መስኮቱ ላይ አሳረፈ። «መለዋወጫም ተሸክሜአለሁ። ሲነሣ ይንኳኳል። የአንቺው እንደ እህል ነው የሚፈስሰው። ጥይት ነው፣ ትርንጎ። ቤቴ በተቃጠለ ማግስት ከመስኮቴ ሥር ቀለህ በእፍኝ ለቅሜአለሁ። ያም በሆነ ሰው ዘንቢል ነው የመጣው።»

ትርንጎ ስለ ልጇ ነገረችው፤ ስለ በረሃው፣ ስለዚያች ስልኳን ይዛ ስለምትተኛዋ እናት። ሳያቋርጣት ሰማ።

«ልታስይዘኝ ነው?»

«ዛሬ ገመዱን ዝቅ አደርጋለሁ። ማክሰኞ ግን ማንጎ ብቻ ይዘሽ ነይ፤ ወይም አትምጪ። ይዘሽው ከመጣሽ እኔው ራሴ እናገራለሁ። እግዜር ያሳይሽ፣ እናገራለሁ።»

ሰኞ ከሰዓት ትርንጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንጎውን አውጥታ ከሥር ያለውን ፌስታል ፈታች። ቢጫ ብረት ነበር፤ ቀዝቃዛ፣ ልሙጥ፣ እንደ በቆሎ ፍሬ የተከመረ። ደሳለኝ በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

«ከእንግዲህ አልሸከምም» አለችው።

«ነገን ብቻ። ነገ ካልደረሰ እኔን ነው የሚጠይቁኝ እማዬ። ወይ ትሄጃለሽ፣ ወይ ሲነጋ የለሁም።»

በሩን ይዞ ዐይኗን ዐይኗን ያያት ነበር። ልጅ ሳለ ወባ ሲይዘው እንደዚያ ነበር የሚያያት። ትርንጎ ማንጎዎቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች።

ማክሰኞ ኬላው እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ኢዮብ የሚባል አዲስ የፈታሾች ኃላፊ መጥቷል። በዚህ መንገድ ጥይት እንደሚያልፍ፣ ከኬላውም ሰዎች የተባበረ እንዳለ ጥቆማ ደርሶታል። ትርንጎ በመስኮቱ ስትመለከት ሀይሉ ከግራሯ ሥር ቆሟል፤ ኢዮብ ፊቱ ላይ ጣቱን ይቀስራል። የወረደው ተሳፋሪ ሁሉ ይሰማል።

«ስድስት ወር! ከአፍንጫህ ሥር! ማን እያበላህ ነው?»

«ማንም።»

«ይሄስ ምንድን ነው?» ኢዮብ በእግሩ መታው። ከግራሯ ጀርባ በተቆረጡ ጀሪካኖች ውስጥ ስምንት የማንጎ ችግኞች በቅለው ነበር። ቅጠላቸው ገና ቀይ ነው። «እዚህ በረሃ ላይ ማንጎ ማን አመጣልህ? ከየትኛው መኪና? ለምን ብሎ?»

ትርንጎ ችግኞቹን አላየቻቸውም ነበር። ወርዳ አታውቅማ። የሰጠችውን ማንጎ ሁሉ በልቶ ፍሬውን ሲተክል ከርሟል።

«ገዝቼ ነው» አለ ሀይሉ።

«ትዋሻለህ አንተ ሽማግሌ! ንገረኝ፣ አለዚያ ካቴናው ላንተ ነው!»

እናገራለሁ ብሎ የማለው ሰው ዝም አለ። ወደ ገመዱ፣ ወደ መሬቱ፣ ወደ ሰማዩም ተመለከተ። ወደ አውቶብሱ ብቻ አልተመለከተም። ትርንጎ እንደማይናገር ያወቀችው በዚህ ነው።

ወጣቱ ፈታሽ በበሩ ብቅ አለ። «እናቴ፣ እርስዎ ይቀመጡ።»

እዚያው መቀመጥ ትችል ነበር። አሥር ደቂቃ ቢበዛ ነው፤ ከዚያ ገመዱ ዝቅ ይላል፤ ልጇም ሲመሽ ቤቱ ይጠብቃታል።

«አይ ልጄ» አለች፣ የፊት ለፊቱን ወንበር ተደግፋ እየተነሣች። «ዛሬ እወርዳለሁ። ዘንቢሉን ያዝልኝ፤ ለእኔ ይከብደኛል።»

ግራሯ ድረስ በዝግታ ሄደች። ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ለኢዮብ የነገረችው አራት ቃል ነው፦ «የእኔ ነው፤ እሱን ተወው።» ከዚያ የሀይሉ ጎማ ላይ ተቀመጠች። ጥላው እሱ እንዳለው ቀዝቃዛ ነበር።

ደሳለኝ ወሬውን ሰምቶ ፀሐይ ሳትጠልቅ ጠፋ። በበረሃው በኩል ሄደ አሉ። ምንም ያህል ቢሸከሙለት የፈሩት አልቀረም። ሀይሉ ሁለት ቀን ታስሮ ተፈታ፤ ገመዱ ግን ለሌላ ሰው ተሰጠ። ፍርድ ቤቱ የትርንጎን ዕድሜ ከግምት አስገብቶ ሦስት ዓመት ፈረደባት።

ሀይሉ በየእሑዱ ማረሚያ ቤት ይመጣል። በመካከላቸው የእንጨት አጥር አለ።

«ደወለ?» ትለዋለች።

«አልደወለም።»

አንድ እሑድ ሀይሉ አጥሩን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ይሄን ዝቅ የሚያደርግ ገመድ ያዥ ጠፋ?» አላት። ፈገግ አለች። ጠጉሯ በሰባት ወር ውስጥ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል።

«ለምን ትመላለሳለህ? ሦስት ዓመት እኮ ነው። ማናችን እንደምንደርስበትም አይታወቅ።»

«ሰዎች እያፈላለግሁ ነው» አለ። «ከእኔ የሚያረጁ።»

በሚቀጥለው እሑድ ሀይሉ ወደ አጥሩ አልሄደም። ከበሩ ትይዩ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ከኒም ዛፍ ሥር ቆመ። ሦስት ሰዎች ብቻ ገቡ፦ የሰፈሩ ቄስ መምሬ ገብረሚካኤል፣ የዕድሩ ዳኛ አቶ ደረጄ፣ ከሁለቱም የሚበልጡት የሰማንያ ስድስት ዓመቱ አያ ወንድሙ በከዘራቸው። ጠባቂው ከእንቅልፉ ቀስቅሰው እንዳነሡት ሰው ግራ ተጋብቶ አያቸው።

ከኒሟ ሥር ድምፅ አይሰማም። ትርንጎ ከአጥሩ ወዲያ መጥታ ስትቆም፣ መምሬ መስቀላቸውን ሲያሳልሟት፣ ከዚያ ሲናገሩ ታየው። ብዙ ተናገሩ። ፀሐዩ በረታ። የአያ ወንድሙ ከዘራ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ትርንጎ አንገቷን ደፋች። ነጠላዋን ወደ ዐይኗ አደረገች፤ አወረደችው። የጠያቂው ሰዓት ሊያልቅ ነው። ሀይሉ የኒሟን ቅርፊት በጥፍሩ ይፍቅ ነበር፤ ዐይኑ ከስድስቱ ጉልበቶች ላይ አልተነሣም።

ትርንጎ ቀና አለች። አፏ ተንቀሳቀሰ። አጭር ነገር ነው የተናገረችው።

በዚያ ግቢ ወንበር የለም፤ አግዳሚም የለም። መምሬ ገብረሚካኤል ግራ ቀኝ ተመለከቱና ጋቢያቸውን ሰብስበው አቧራው ላይ ቁጭ አሉ። አቶ ደረጄም ቁጭ አሉ።

«አባቶች! ምን ሆናችሁ? እዚህ መቀመጥ አይቻልም!» ጠባቂው እየጮኸ መጣ፤ ይህ ጩኸት መንገዱ ማዶ ድረስ ተሰማ።

ማንም አልሰማውም። ሁለቱ ሽማግሌዎች የአያ ወንድሙን ክንድ ከቀኝና ከግራ ይዘው፣ አልታጠፍም ያለውን ጉልበታቸውን እያባበሉ፣ ቀስ አድርገው ወደ መሬት ያወርዷቸው ነበር።